ፊቱን ወደ መንገዱ ያዞረ ጫማ

የኦኪትሱ ናሚኮ ጫማ የተገኘው ከራሷ ከናሚኮ ቀድሞ ነው። ኩሮታኪ ገደል አፋፍ ላይ፣ ጎብኚዎች ፎቶ የሚነሱበት ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ፣ ግራና ቀኙ ጎን ለጎን፣ ማሰሪያው ወደ ውስጥ ገብቶ፣ በሥርዓት ተቀምጦ ነበር። ሴትዮዋ የተገኘችው ከሰዓት በኋላ፣ ወንዙ ሰፋ ብሎ ከሚተኛበት ከታች፣ በካልሲዋ ነው።

በእኛ በጃፓን እንዲህ ያለ ጫማ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ሰው ወደ ሞት ሲሄድ እንኳ ቤት እንደሚገባ ሁሉ ጫማውን ያወልቃል። የጣቢያው አዛዥ ፎቶውን አየ፣ ለአፍታ አንገቱን ደፋ፣ ከዚያም መዝገቡ በዚያው ሳምንት እንዲዘጋ አዘዘ። አዛዡ ሐዘንና የሥራ ቅልጥፍና በአንድ ትንፋሽ የሚሆንለት ዓይነት ሰው ነው።

ኢንስፔክተር ኩዙሚ ግን ፎቶውን ወደ መሳቢያ አላስገባችውም። ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው፤ አጭር ናት፣ ጨው የገባበት ፕሪም ፍሬ እየመጠጠች ማሰብ ትወዳለች፣ ፍሬው አፏ ውስጥ እስካለ ድረስም አዛዥ መጣ ሚኒስትር መጣ አትቸኩልም።

«ሃታኖ» አለች ለረዳቷ ለሳጅኑ፣ «አንተ ልትዘል ብትሆን ወደየት ዞረህ ነው ጫማህን የምታወልቀው?»

«እኔ ለምን እዘላለሁ?»

«ፍቅረኛህን ስላየኋት ነው። መልስልኝ።»

ሃታኖ አሰበ። «ወደ ገደሉ። መቼም ልሄድ የምፈልገው ወደዚያ ነው።»

ፎቶውን ወደ እሱ አዞረችው። የሁለቱም ጫማ አፍንጫ የሚያየው ገደሉን አይደለም፣ መንገዱን ነው። ሃታኖ ሴትዮዋ ጨዋ ከሆነች አውልቃ ስታበቃ ጎንበስ ብላ አዙራው ይሆናል ሲል ተከራከረ፤ ሰው ቤት ሲገቡ እንደዚያ ነው የሚደረገው። ኩዙሚም ሊሆን ይችላል አለችው፤ ጨዋ መሆን አለመሆኗን ግን ከፎቶ ላይ ማንበብ ስለማይቻል ተነሥተው ሄዱ።

ናሚኮ የመጨረሻውን ዓመት የኖረችው ከገደሉ በላይ ባለው «የብርሃን ደጅ» በሚባለው ማዕከል ነው። ባለቤቱ መምህር ሴይዳን ይባላሉ። መጽሐፋቸው በየባቡር ጣቢያው ይሸጣል፤ ንግግራቸውን በየስልኩ መቶ ሺዎች ይሰሙታል። ትምህርታቸው ቀላል ነው፦ ያለፈውን ጣል፣ ወደ ኋላ አትይ፣ ሸክምህን ለመምህርህ ንገርና ቀለል ብለህ ሂድ። ሸክሙን ከሰጠኸው በኋላ መምህሩ ምን እንደሚያደርጉበት መጽሐፉ አይናገርም።

መግቢያው ላይ የተደረደረው ጫማ ሁሉ አፍንጫው ወደ ቤቱ ውስጥ ነው። ሃታኖ እናቱ እንዳስለመደችው አውልቆ ጫማውን ወደ ውጭ ሊያዞር ጎንበስ ሲል አንድ ከሲታ ሰው ከየት መጣ ሳይባል ደርሶ ያዘው። ሞሪዋኪ ይባላል፣ የመምህሩ የመጀመሪያ ደቀ መዝሙርና ጸሐፊ ነው። እዚህ ጫማ ወደ ውጭ አይዞርም፣ የገባ ሰው መውጫውን አያስብም፤ ደግሞም የሌላ ሰው ጫማ መንካት የሌላ ሰው ሸክም መሸከም ስለሆነ ማንም የማንንም አይነካም ሲል በእርጋታ አስረዳው። ሞሪዋኪ ለስምንት ዓመት ከሩዝ፣ ከአኩሪ አተርና ከቅጠል በቀር በአፉ የዞረ ነገር እንደሌለ በኩራት ተናገረ። ፊቱም ይህንኑ ይመሰክር ነበር።

መምህሩ የተቀበሏቸው በሻይ ነው። ስድሳ ሊሞላቸው ትንሽ የቀራቸው፣ ነጭ ልብስ የለበሱ፣ ድምፃቸው ጥጥ ላይ እንደሚወርድ ውሃ የለዘበ ሰው ናቸው። ሂማላያ ዋሻ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ተቀምጠዋል፤ ይህን ሳይጠየቁ ነገሯቸው። ናሚኮን መጨረሻ ያዩዋት ራት ላይ መሆኑን፣ ከዚያ በኋላ እስከ ቀትር ድረስ ብቻቸውን ጎጇቸው ውስጥ በዝምታ መቀመጣቸውን ተናገሩ። ግቢውን ጎህ ሲቀድ የሚጠርጉት ሁለት ሴቶችም ይህንኑ አረጋገጡ፤ የመምህሩ የገለባ ነጠላ ጫማ ከጎጆው ደጃፍ ንቅንቅ አላለም።

«የናሚኮን ልጅ አደራ አትጫኗት» አሉ መምህሩ ሲሸኟቸው። «‹ከእንግዲህ ወደ ቤት እንዳትመጪ› ማለት ልጅ ሲናደድ የሚለው ነገር ነው። ይህንንም ነግሬአታለሁ። በእናቷ ስም ይቅር ብዬአታለሁ።»

ኩዙሚ አመሰገነችና ወጣች። መኪና ውስጥ ገብታ የፕሪሙን ፍሬ በወረቀት ጠቅልላ ሌላ አወጣች።

ልጅቷ ቺሆ ትባላለች። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ሐይቁ ዳር ባለው ከተማ በጥርስ ሐኪም ቤት እንግዳ ትቀበላለች። ያገኟት በምሳ ሰዓቷ ከሐኪም ቤቱ ጀርባ፣ ከቢስክሌቶች መሃል ቁጢጥ ብላ ነው። የሩዝ ኳሷን አልከፈተችውም።

ነገሩን ደረቅ አድርጋ ተናገረች። አሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላት አንድ ቀን ትምህርት ቤት አልሄድም ብላ በሯን ቆለፈች፤ እንደተቆለፈ ሁለት ዓመት ቆየ። እናቷ ለጎረቤቱ ካናዳ ሄዳ እየተማረች ነው አለች። ይህም አልበቃ ብሏት የካናዳ ፖስትካርድ ከገበያ እየገዛች፣ በግራ እጇ እየጻፈች ለራሷ ትልክና ለጎረቤቶቹ ታነብላቸው ነበር። ቺሆ ከክፍሏ ወጥታ ሥራ ስትይዝ ሰዉ «ከካናዳ እንኳን ደህና መጣሽ» ብሎ ተቀበላት፣ ነገሩ በዚያው ተቀበረ። እናቷ ምስጢሩን የነገረችው ለአንድ ሰው ብቻ ነው፣ ጎጆ ውስጥ፣ በር ተዘግቶ። በዚያ ሰሞን መምህሩ ሰፊ ንግግር አደረጉና «አንዲት የሐይቅ ዳር እናት» ብለው ፖስትካርዱንም ግራ እጁንም ሳያስቀሩ ለመቶ ሺዎች ተረኩት። ሕዝቡ ሳቀ፣ ከዚያም አለቀሰ፣ ከዚያም መጽሐፉን ገዛ።

«በማግሥቱ አንድ ታካሚ ጥርሱ እየታየ ካናዳ ብርዱ እንዴት ነበር አለኝ» አለች ቺሆ። «ከዚያ ሌላው። የሐኪሙ ሚስት ራሷ።»

በዚያው ምሽት ወደ ማዕከሉ ቢሮ ደወለች። የአባላቱ ስልክ እዚያ ስለሚቀማ ሞሪዋኪ እናቷን ጠርቶ አገናኛት። ቺሆ የምትለውን ሁሉ ብላ መጨረሻ ላይ ከእንግዲህ ወደ ቤት እንዳትመጪ ብላ ዘጋችው። ጎህ ሊቀድ ሲል እናቷ ገደል ገባች።

«መምህሩ ይቅር ብሎኛል» አለች። «ሰው ሁሉ እያየ አቀፈኝ። ኢንስፔክተር፣ ይቅር የሚባል ሰው ያጠፋ ሰው ነው አይደል? እኔ ነኝ የገደልኳት?»

«አላውቅም» አለች ኩዙሚ። «ሳውቅ ግን ከአዛዤ በፊት የምነግረው ለአንቺ ነው። አሁን አንድ ነገር ንገሪኝ፤ እናትሽ ቤት ስትገባ ጫማዋን እንዴት ነበር የምታወልቀው?»

ቺሆ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለች። እናቷ ጫማ አታወልቅም፣ ትወረውራለች። አንዱ በር ሥር፣ አንዱ ጃንጥላ ማስቀመጫው ውስጥ ይገኛል። ስታዞርላት የኖረችው ቺሆ ናት፤ በዚህ ስንት ቀን ተጨቃጭቀዋል። ማሰሪያማ ፈትታም አታውቅ፣ እንደታሰረ ነው የምትጎትተው።

መመለሻው ላይ መኪናውን የሚነዳው ሃታኖ ነው፣ የምታስበው ኩዙሚ። ጫማውን ድንጋዩ ላይ ያስቀመጠው ሌላ ሰው ነው። ይህ ከሆነ ናሚኮ ስትወድቅ ጫማዋን ቀድማ አውልቃ ነበር፤ ጫማ የሚወለቀው ደግሞ ቤት ውስጥ ነው። በማዕከሉ ገደሉ ላይ የወጣ በረንዳ ያላቸው ሦስት ቤቶች አሉ፦ ሰው ታጭቆ የሚተኛበት ትልቁ አዳራሽ፣ የሞሪዋኪ ቢሮና የመምህሩ ጎጆ።

«አዳራሹ ውስጥ ዘጠና ሰው ሳይሰማ ሰው አይወድቅም» አለ ሃታኖ። «መምህሩ ጫማቸው ደጅ ነበር። ሞሪዋኪ ነው።»

ሞሪዋኪም ለዚህ ሐሳብ የሚችለውን ሁሉ አስተዋጽኦ አደረገ። መጀመሪያ ተኝቼ ነበር አለ፤ ከዚያ ጸሎት ላይ ነበርኩ አለ፤ ጎህ ሲቀድ ቢሮው ባዶ እንደነበር አንዷ ጠራጊ መናገሯን ሲሰማ ደግሞ ተራራ ላይ ስለ ዓለም ሰላም እያሰላሰልኩ ነበር አለ። ያን ዕለት የለበሰው ካፖርት ታጥቦ ገና ገመድ ላይ ነበር። ሃታኖ ካቴናውን በዓይኑ መለካት ጀመረ። ኩዙሚ ካፖርቱን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ አሸተተችው፣ ሳሙናው ያላሸነፈው ነገር ነበርና ፈገግ አለች።

ዋናው መንገድ ላይ ለከባድ መኪና ሾፌሮች ሌሊቱን የሚከፍት ምግብ ቤት አለ። ባለቤቱ የሞሪዋኪን ፎቶ እንዳየ ሳቀ። እህቴ፣ ይኼማ ደንበኛዬ ነው አላት፤ በየሳምንቱ ጎህ ሲቀድ ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ደፍቶ ይመጣል፣ የተጠበሰ የአሳማ ሥጋ ሁለት ሰሃን አዝዞ ጥግ ላይ ይቀመጣል፣ እየበላ ያለቅሳል። ናሚኮ የሞተች ዕለት ሦስተኛም አዝዟል፣ ፀሐይ ወጥታ ሾፌሮቹ እስኪሄዱ ቆይቷል። ከጠረጴዛው በላይ የተሰቀለችው ካሜራም ሲያኝክ በሁለት ማዕዘን ይዛዋለች።

ሞሪዋኪ ይህ ሲነገረው ነፍሰ ገዳይ ቢባል ይሻለው እንደነበር ከፊቱ ይነበብ ነበር። ለመምህሩ እንዳትነግሯቸው ብሎ ለመነ። ኩዙሚ እንደማትናገር ቃል ገባችለትና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው፦ ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ናሚኮ ለማን ምን ተናገረች? ለማንም ምንም፣ አለ ሞሪዋኪ። እሱ የሰማው ልጅቷ ስትጮህ ብቻ ነው፤ ቃሉን አልለየውም፣ ለማንም አላወራም። ናሚኮም ቀጥታ ወደ መኝታዋ ሄደች። ከማታው ደወል እስከ ጠዋቱ ደወል መናገር ክልክል ነው፣ በዘጠና ሰው መሃል ደግሞ ሹክሹክታ አይደበቅም።

ከዚያ ጠራጊዎቹን እንደገና አስቀመጠቻቸው። መምህሩን በዓይናችሁ አይታችኋል ወይ ብላ ጠየቀች።

«አይተናል እንጂ» አለች ትልቋ። «ደጃፉ ላይ ነበሩ።»

«ማን?»

«ጫማቸው።»

«ያያችሁት ጫማውን ነው እንግዲህ።»

ሴቶቹ ተያዩ። ጫማው ደጅ ካለ ሰውዬው ቤት አለ፤ ይህን የማያውቅ የጃፓን ልጅ የለም፣ ጎረቤትም ፖስተኛም ሌባም በዚህ ይተዳደራል። መምህሩ ደግሞ አንድ ልብስ፣ አንድ ሳህን፣ አንድ ጫማ ብቻ እንዳላቸው በመጽሐፋቸው ተጽፏል። በባዶ እግር ይወጣሉ ብሎ ማን ያስባል? ትንሿ ሴት አፏን በእጇ ከደነች።

ሃታኖ ግን አንድ ነገር አልዋጥ አለው። እዚህ ግቢ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ለዓመታት ጫማውን ወደ ፊት እንዳዞረ ሲተው ኖሯል። ጫማውን ድንጋዩ ላይ ያስቀመጠው ከነሱ አንዱ ከሆነ ወደ ገደሉ አዙሮ በተወው ነበር። ኩዙሚ በዚህ ስነዘንዝህ ውዬ አሁን ገባህ አለችው። ያስቀመጠው ሰው እጁ ላይ ከዚህ ቤት ሕግ የሚበልጥ ያረጀ ልማድ አለ። የማን እጅ እንደሆነ ለማወቅ እጁ ሥራ ላይ እያለ ማየት ነው።

እሑድ ዕለት ለናሚኮ የስንብት ጸሎት ተደረገ። ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላቋረጠም። ኩዙሚ በጭቃ የተለወሰ የቆዳ ጫማዋን መግቢያው ላይ እንደ ናሚኮ ወረወረችው፤ አንዱ በጎኑ ተኛ፣ ሌላው ተገለበጠ። መምህሩ ስለ ሟቿ ሲናገሩ ሕዝቡ አነባ። ቺሆ ፊት ለፊት ተቀምጣ ወለሉን ታያለች። በመጨረሻ መምህሩ ወደ እሷ ዞረው አንዳንድ ቃል ከድንጋይ ይከብዳል፣ እኛ ግን አንፈርድም አሉ። ዘጠና ሰው በርኅራኄ አያት። ሃታኖ ጥርሱን ነከሰ።

ሲያበቃ ኩዙሚ ለመምህሩ ቀስ ብላ፣ መዝገቡን ልዘጋ ነው፣ ከመሄዴ በፊት ስለ ዋሻው ቢያጫውቱኝ አለቻቸው። መምህሩ እስከ መግቢያው አብረዋት ሄዱ። የበረዶውን ጠረን፣ እፍኝ ገብስ በልተው የዋሉበትን ቀን፣ ዋሻው አፍ ላይ ቆማ ያየቻቸውን ነብር ተረኩላት። እሷ ደረጃው ጫፍ ላይ በካልሲዋ ቆማ፣ አቤት፣ እውነት፣ ከዚያስ ትላለች።

ነብሯ ዞራ ልትሄድ ስትል የመምህሩ ጉልበት ታጠፈ። ወሬያቸውን ሳያቋርጡ ተንበረከኩ። የቀኝ እጃቸው አውራ ጣት የአንዱ ጫማ ተረከዝ ውስጥ ገባ፣ የግራው የሌላው። ጎን ለጎን አደረጓቸው፣ ጭቃውን በእጅጌያቸው ጠረግ አደረጉ፣ ማሰሪያውን ወደ ውስጥ ከተቱ፣ አፍንጫውን ወደ ውጭ፣ ወደ ዝናቡ አዞሩ፤ በመሃላቸውም የጭብጥ ስፋት ክፍተት ተዉ። ከዚያ ብድግ ብለው ነብሯ በበረዶው ውስጥ ጠፋች አሉ።

ኩዙሚ ጎንበስ ብላ ጫማዎቹን ረጅም ጊዜ አየቻቸው። ከዚያ እሳቸውን አየቻቸው።

«መምህር» አለች፣ «የሰው ጫማ መንካት እዚህ ክልክል አልነበረም?»

የቀረው የእግር ሥራ ነበር፣ ሁለት ቀን ብቻ ፈጀ። ጫማ በዚህ አኳኋን የሚቀመጥበት ቦታ አንድ ነው፤ የድሮ የፍል ውሃ ማረፊያ ቤት። መምህር ሴይዳን ከመሆናቸው በፊት ኢዋሴ ቶኩጂ ይባሉ ነበር፤ በኢዙ ባሕር ዳር ያለ አንድ ማረፊያ ቤት ደጃፍ ላይ የእንግዳ ጫማ ተቀባይ ሆነው ሠርተዋል። እዚያ የሚሠሩ ሰዎች የመምህሩን ፎቶ አይተው ቶኩጂ ነው፣ ፀጉሩ የት ሄደ ብለው ጠየቁ። መምህሩ እዚያ የሠሩት ለአሥራ አንድ ዓመት ነው። ቁጥሩን አልዋሹም፣ ቦታውን ብቻ።

ጣቢያ ውስጥ መጀመሪያ ዝም አሉ፣ ከዚያ ስለ ዝምታ አስተማሩ። ጫማ ማስተካከል ወንጀል ነው ወይ አሉ። ኩዙሚ በናሚኮ ጫማ ተረከዝ ውስጥ የተገኘውን የአውራ ጣት አሻራ አስቀመጠችላቸው፤ መምህሩ ቀደም ሲል የማንንም ጫማ ነክተው እንደማያውቁ በፊርማቸው ቃል ሰጥተዋል። ቀጥላም፣ ራት ላይ ካዩዋት ወዲህ ካላገኟት፣ ልጅቷ ከራት በኋላ በስልክ ያለቻትን ያን ዓረፍተ ነገር ማን ነገረዎት አለቻቸው። ሞሪዋኪ አልነገራቸውም። ቺሆ ለማንም አልተናገረችም፤ መምህሩ ይቅር ሲሏት እንዴት አወቁ ብላ እንኳ ለመጠየቅ አቅም አልነበራትም። የቀረችው ናሚኮ ናት፣ እሷም እስከ ንጋት አፏን አልከፈተችም።

መምህሩ ውሃ ለመኑ። ከጠጡ በኋላ ድምፃቸው ጥጡን ጥሎ የባሕር ዳር ሰው ድምፅ ሆነ።

ከጠዋቱ ደወል በፊት፣ ጠራጊዎቹ ሳይወጡ መጣች አሉ። ጫማዋን ደጃፍ ላይ ወርውራ ገባች። ንግግሩን ከሁሉም ቦታ አውርድ፣ ልጄ ጋ ራስህ ደውለህ ሳልፈቅድ እንደሸጥከን ንገራት አለች። አለበለዚያ እሑድ ዘጠና ሰው ፊት ቆሜ እዚህ ጎጆ ውስጥ የምንነግርህን ምን እንደምታደርገው እናገራለሁ አለች። ሊያረጋጓት በረንዳው ድረስ ተከተሏት። ክንዷን ያዙ። ጎተተች። ገፋኋት የሚለውን ቃል መምህሩ እስከ መጨረሻው አልተናገሩትም፤ ሸርተት አለች ነው ያሉት። አጥሩ ከጉልበት በታች ነው፣ ክንዷ ላይ ግን የአምስት ጣት ምልክት አለ። ከዚያ ጫማዋን አንሥተው በባዶ እግራቸው ወደ ድንጋዩ ሮጡ።

«ለምን አዞሩት?» አለች ኩዙሚ።

«ምኑን?»

ፎቶውን ገፋ አደረገችላቸው። መምህሩ አዩት፣ ቀረብ አድርገው እንደገና አዩት። እንደዚያ ማድረጋቸውን አያውቁም ነበር። ቀስ ብለው ሁለቱንም እጃቸውን ወደ እጅጌያቸው ከተቱ፣ ምርመራው እስኪያልቅም አላወጧቸው።

ኩዙሚ ከዚያ ክፍል ስትወጣ አዛዡ ኮሪደሩ ላይ ይጠብቃት ነበር። አንድ ቀጠሮ አለኝ ብላው አለፈች።

የጥርስ ሐኪም ቤቱ ጀርባ ቢስክሌቶቹ መሃል ተቀመጡ። ኩዙሚ ከመጀመሪያው ጀመረች፤ ቺሆ ግን አላስጨረሰቻትም። ሸጦናል ብላ ነው የሄደችው? ታዲያ ለምን ቀድማ አልደወለችልኝም? በዚያ ጨለማ ብቻዋን ለምን ሄደች? ኩዙሚ ሁሉንም አሳለፈችና በምርመራው መዝገብ ላይ የሰፈረውን ነገረቻት፦ በረንዳው ላይ ከመውጣቷ በፊት ናሚኮ ስለ ራሷ አንድ ነገር ብቻ ተናግራለች።

«‹በመጀመሪያው አውቶቡስ ቤቴ እገባለሁ› ነው ያለችው። ‹ልጄ እንዳትመጪ ብላኛለች፣ ልክ ናት፤ እኔ ግን እሄዳለሁ። ትጮህብኛለች፣ እኔም ቁጭ ብዬ እሰማታለሁ።›»

«እሷ?» አለች ቺሆ። ሳቅ የመሰለ ነገር ከአፍንጫዋ ወጣ። «ቁጭ ብላ? ሦስት ቃል ሳልናገር ነበር የምታቋርጠኝ። ሽንት ቤት ገብቼ ዘግቼ ነበር ዓረፍተ ነገር የምጨርሰው።» ከዚያ ሳቁ ተበላሸባትና ፊቷን በሁለት መዳፎቿ ያዘች።

የሐኪሙ ሚስት በመስኮት ብቅ ብላ የኢንስፔክተሯን ፊት አየችና መስኮቱን ዘጋች።

«ሁለተኛ ይንገሩኝ» አለች ቺሆ ዓይኗን ሳትገልጥ። «ያለችውን።»

ኢንስፔክተሯ ከመጀመሪያው ደገመችላት። በዚህኛው ቺሆ አላቋረጠቻትም።